በርበሬና የሕዋስ በሮች

በኢትዮጵያ ማእድ ላይ ከፍ ያለ ስፍራ ካላቸው የአዝመራ ዐይነቶች አንዱ በርበሬ ነው። በማረቆና በአላባ፣ በምዕራብ ጎጃምም በቡሬና በወምበርማ የሚመረተው ቀይ ዛላ በጆንያ ታጭቆ ወደየገበያው ይጓጓዛል። ከዚያም በየቤቱ ይቀነጠሳል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላና ከሌሎችም ቅመሞች ጋር ተዋሕዶ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። ዛላው በሙቀጫ ውስጥ መድቀቅ ሲጀምር ቤቱ በሙሉ ይሰነፍጣል። ወቃጯ ታስነጥሳለች፤ በጓዳ በር የሚያልፈው ልጅ ይስላል፤ እንግዳውም ዐይኑን ያብሳል። በርበሬ ያልገባበት ወጥ አልጫ ተብሎ ለብቻው ስም የሚሰጠው ስለሆነ፣ የበርበሬ መኖር እንደ ደንብ፣ አለመኖሩ እንደ ልዩ ነገር ይቆጠራል ማለት ይቻላል።

የአማርኛ ቋንቋ የበርበሬን ጠባይ የሚገልጸው ለእሳት በሚነገሩ ቃላት ነው። በርበሬ ያቃጥላል፤ ይፋጃል፤ አፍን ይለበልባል ይባላል። ፍምም ያቃጥላል፤ የፈላ ውሃም ይፋጃል። ይሁን እንጂ ሚጥሚጣ በበላ ሰው አፍ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢገባ፣ የአፉ ሙቀት የእሳት ያህል ከፍ ብሎ አይገኝም። ምላሱም ቢመረመር እሳት የነካው ሥጋ ምልክት አይታይበትም። ታዲያ እሳት በሌለበት የእሳት ስሜት ከወዴት መጣ? ቋንቋው ተሳስቷልን? ወይስ በበርበሬና በእሳት መካከል ዐይን የማያየው ዝምድና አለ? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በሰው አካል ሕዋሳት ሽፋን ላይ ነው።

በርበሬ በመጀመሪያ የለማው በአሜሪካ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ዓ.ም. ክሪስቶፎር ኮሎምበስ የአትላንቲክን ውቅያኖስ እስካቋረጠበት ጊዜ ድረስ በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ፖርቱጋሎችና ሌሎች ነጋዴዎች ከወደብ ወደብ እያደረሱት በአጭር ዘመን ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦችም ተክሉን ተቀብለው የየራሳቸውን ማጣፈጫ ሠሩበት። በኢትዮጵያ ድልህ፣ አዋዜና ዳጣ ሲዘጋጅ፣ ከምሥራቃዊው ወሰን ባሻገር በሶማሊላንድ ባስባስ የሚባል ማጥቀሻ ይዘጋጃል። የብሪታንያ ሶማሊላንድ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960 ዓ.ም. ነጻ የወጣችበትን ዕለት ስም በያዘው በሐርጌሳ የ26 ጁን ሰፈር፣ ሩዝና ሥጋ ለምሳ ሲቀርብ ከጐኑ ባስባስ መቅረቡ የተለመደ ነው። ባስባስ በሶማልኛ የተክሉም የማጥቀሻውም መጠሪያ ነው። የሐርጌሳው ባስባስና የአዲስ አበባው አዋዜ በጣዕም ይለያያሉ፤ አፍን የሚያቃጥሉበት ምክንያት ግን አንድ ነው።

ይህ ምክንያት ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ቡኾልዝ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1816 ዓ.ም. የበርበሬን የሚያቃጥል ክፍል ከሌላው ለይቶ ለማውጣት ሞከረ፤ ያገኘው ግን ያልጠራ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. ጆን ክላፍ ትሬሽ የተባለው እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሩን አጥርቶ በማውጣት ካፕሳይሲን የሚለውን ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ኔልሰን የተባለው አሜሪካዊ የሞለኪውሉን አሠራር አስታወቀ። አንዱ የካፕሳይሲን ሞለኪውል 18 የካርቦን፣ 27 የሃይድሮጅን፣ 1 የናይትሮጅንና 3 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ብዙ ሰው የበርበሬ ኀይል በፍሬው ውስጥ ባሉት ዘሮች ያለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ንጥረ ነገሩ የሚመረተው ዘሮቹ በተያያዙበት ነጭ የውስጥ ክፍል ነው፤ ዘሮቹ የሚያቃጥሉት ከዚያ ስለሚነካካቸው ነው። የስንግ ቃሪያ አዘጋጅ ይህን ነጭ ክፍል ከዘሩ ጋር ጠርጋ ስታወጣ ቃሪያው የሚለዝበውም ስለዚሁ ነው።

የካፕሳይሲንን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የሕዋስን አጥር ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው አካል ሕዋስ እያንዳንዱ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺሕኛ እጅ አይበልጥም። ይህ ሽፋን በዋናነት ከሁለት የስብ ንጣፎች የተሠራ በመሆኑ፣ በውሃ የሚሟሙ ነገሮች በቀላሉ አያልፉትም። ከዚህም የተነሣ በሕዋሱ ውስጥና በውጭ ያለው የንጥረ ነገሮች መጠን እጅግ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከነርቭ ሕዋስ ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም፣ በውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሕዋሱ በሕይወት የሚኖረው ይህን ልዩነት ጠብቆ ነው። ይሁን እንጂ ፍጹም ዝግ የሆነ ሕዋስ ምግብም ወሬም ሊደርሰው አይችልም። ስለሆነም በስቡ ንጣፍ መካከል ከፕሮቲን የተሠሩ ልዩ ልዩ በሮች አሉ። እያንዳንዱ በር የሚከፈትበት የራሱ ምክንያት፣ የሚያሳልፈውም የራሱ እንግዳ አለው።

ሥቃይን ለአንጎል በሚያስታውቁ ነርቮች ላይ ከሚገኙት በሮች አንዱ ቲ-አር-ፒ-ቪ-1 ይባላል። ይህን በር ያገኙት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንፍራንሲስኮ ክፍል የሚሠሩት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ግኝታቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ነው። ተመራማሪዎቹ በስሜት ነርቮች ውስጥ የሚሠሩ ጂኖችን ሰበሰቡ። እነዚህንም በርበሬን በማያውቁ ሕዋሳት ውስጥ እያስገቡ ካፕሳይሲን ጨመሩባቸው። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ጂን የተቀበሉት ሕዋሳት ለካፕሳይሲን መልስ ሰጡ፤ ካልሲየም ወደ ውስጣቸው ጎረፈ። ያ ጂን የበሩ መሥሪያ ንድፍ ነበር። ዴቪድ ጁሊየስ በዚህ ሥራቸው፣ የመዳሰስን ስሜት ካጠኑት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. የ2021 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ተመራማሪዎቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይኸው በር ካፕሳይሲን ሳይኖርም ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ይከፈታል። ይህም ሰው ሙቀትን እንደ ሥቃይ መቍጠር የሚጀምርበት ደረጃ ነው። እንግዲህ እሳትና በርበሬ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። በሩ ሲከፈት ካልሲየምና ሶዲየም ወደ ነርቩ ይገባሉ፤ ነርቩም መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካል። አንጎል በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ለይቶ አያውቅም፤ የሚደርሰው ወሬ "ተቃጠልህ" የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ በርበሬ ያቃጥላል የሚለው የአማርኛ አነጋገር በስሕተት የመጣ አይደለም። ቋንቋው ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰበትን ዝምድና በስሜት አስቀድሞ አውቆት ነበር። በርበሬ የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ትኩስ ሻይ ቢጠጣ ከወትሮው የበለጠ የሚፋጅ የሚመስለውም፣ ካፕሳይሲንና ሙቀት በአንድ በር ላይ ተባብረው ስለሚሠሩ ነው።

ካፕሳይሲን ወደ በሩ የሚደርስበት መንገድም ልዩ ነው። ሞለኪውሉ ረጅም የስብ ጅራት ስላለው ከውሃ ይልቅ ስብን ይወዳል። በመሆኑም በሕዋሱ የስብ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ገብቶ በሩን ከውጭ ሳይሆን ከጐኑ ይይዘዋል። ሚጥሚጣ የበላ ሰው ውሃ ደጋግሞ ቢጠጣ ቃጠሎው ቶሎ የማይለቀውም በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው፤ ውሃ ስብ ወዳዱን ካፕሳይሲን አጥቦ አይወስደውም። ወተት ግን ካፕሳይሲንን የሚይዝ ፕሮቲንና ስብ ስላለው ይሻላል። የአገር ባህል ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሶበታል። በኢትዮጵያ ሚጥሚጣ የገባበት ክትፎና በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከአይብ ጋር ይቀርባሉ፤ የሐርጌሳም ሰው ከግመል ወተት አይለይም።

ተክሉ ይህን ንጥረ ነገር የሚያዘጋጀው ለሰው ማጣፈጫ ብሎ አይደለም። አይጦችና ሌሎች ጡት አጥቢ እንስሳት ፍሬውን ሲበሉ ዘሩን በጥርሳቸው ያደቅቁታል። ካፕሳይሲን እነዚህን ያርቃል። ወፎች ግን ዘሩን ሳያደቅቁ ውጠው በሩቅ ስፍራ ይጥሉታል። የወፎች የነርቭ በር በአሠራሩ ጥቂት ስለሚለይ ካፕሳይሲን አይከፍተውም፤ በመሆኑም ዶሮ የተሰጣ በርበሬ ስትለቅም አፏ አይቃጠልም። ተክሉ ዘሩን ለሚያጠፋው በሩን የእሳት፣ ዘሩን ለሚበትነው ደግሞ የግብዣ አድርጎታል።

ካፕሳይሲን በሩን ከከፈተ በኋላ የሚሆነው ነገር ለሕክምና አዲስ ተስፋ ሰጥቷል። በሩ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ከካልሲየምና ከሶዲየም የበለጡ ሞለኪውሎችም ሊያልፉበት እንደሚችሉ ታውቋል። በዩናይትድ ስቴትስ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በሥራ ላይ አዋሉት። የጥርስ ሐኪም ጥርስ ሊነቅል ሲል የሚወጋው ማደንዘዣ ያገኘውን ነርቭ ሁሉ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሥቃዩ ሲጠፋ ከንፈርም ይደነዝዛል፣ አፍም እንደ ልብ አይታዘዝም። ተመራማሪዎቹ ግን ኪው-ኤክስ-314 የተባለ፣ በራሱ ኀይል የሕዋስን ሽፋን ማለፍ የማይችል ማደንዘዣ መረጡ። ይህን ለብቻው ለአይጦች ሲሰጡ ምንም አልሠራም። ከካፕሳይሲን ጋር ሲሰጡ ግን በርበሬው በከፈተው በር አልፎ ወደ ነርቩ ገባ። በሩ የሚገኘው በሥቃይ ነርቮች ላይ ስለሆነ፣ አይጦቹ ሥቃይ ሳይሰማቸው እግራቸውን እንደ ወትሮው ማንቀሳቀስ ቻሉ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

በሌላ በኩል ደግሞ ደጋግሞ የተከፈተ በር መልስ መስጠቱን ይቀንሳል። ብዙ ካልሲየም የገባበት ነርቭ ራሱን ለመጠበቅ በሩን ያደነዝዘዋል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በርበሬ የለመደ ሰው እንግዳው የማይችለውን ወጥ በሰላም የሚበላው በከፊል ስለዚህ ነው። ሐኪሞች ይህንም ተጠቅመውበታል። አልማዝ ባለ ጭራ የተባለው በሽታ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ ለወራት የሚዘልቅ የነርቭ ሥቃይ ሊያስከትል ይችላል። ከመቶ 8 እጅ ካፕሳይሲን ያለበት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኀኒት ለዚህ ሥቃይ ማስታገሻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በአውሮፓና በዩናይትድ ስቴትስ ተፈቅዷል። የጤና ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ያህል ለጥፎ ሲያነሣው፣ በቆዳው ውስጥ ያሉት የሥቃይ ነርቭ ጫፎች ለጊዜው ይሰበሰባሉ፤ በወራት ውስጥም ተመልሰው ያድጋሉ። የሚያቃጥለው ነገር የቃጠሎ መድኀኒት ሆነ ማለት ነው።

እስከዚህ የተገለጸው አንድ ሕዋስ ለብቻው ስላለው ሽፋን ነው። ካፕሳይሲን ግን በብዙ ሕዋሳት ኅብረት የተሠሩ አጥሮችንም ይነካል። ከእነዚህ አንዱ የቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ነው። ሚጥሚጣ በነካው እጅ ዐይኑን ያሸ ሰው ዐይኑ ይቀላል፤ ቆቡም ያብጣል። ሚክሎሽ ያንቾ የተባሉት የሃንጋሪ ሊቅና ባልደረቦቻቸው የዚህን ምክንያት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተሙ። እንደ ጥናታቸው፣ እብጠቱን የሚያመጣው የሚለበልበው ነገር ራሱ የደም ሥሩን አቁስሎ ሳይሆን ነርቩ ነው። የተቈጣው ነርቭ ወደ አንጎል ወሬ ከመላኩ ሌላ በአካባቢው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፤ እነዚህም የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ ግድግዳቸውንም ያሳሳሉ፤ የደሙ ውሃማ ክፍልም ወደ ውጭ ይሰርጋል። ነርቩ አስቀድሞ በተቆረጠበት ስፍራ ይህ እብጠት አልታየም።

ይህ ግኝት በአንዳንድ ቤቶች ሲፈጸም በኖረ አንድ መጥፎ ልማድ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ያጠፋን ልጅ በበርበሬ ጢስ ማጠን እንደ ቅጣት ሲቆጠር ኖሯል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጽናኑት "ዱላ አይደለም፤ አይሰብር፣ አያቆስል" በማለት ነው። እውነት ነው፤ በርበሬ እንደ እሳት ሥጋን አያነድም። ነገር ግን በጢሱ የገባው ካፕሳይሲን በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በመተንፈሻ ቧንቧ ያሉትን ነርቮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ልጁ ያለ ማቋረጥ ይስላል፤ የመተንፈሻው ቧንቧ ይጠባል፤ የውስጥ ሽፋኑም በሚሰርገው ፈሳሽ ያብጣል። የሕፃን መተንፈሻ ቧንቧ ከመጀመሪያውም ጠባብ ስለሆነ፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ለሞት ሊያሰጋ በሚችል አደጋ ላይ ይወድቃል። አንጎሉም የሚቀበለው ወሬ በእሳት የሚቃጠል ሰው የሚቀበለውን ወሬ ነው። ቁስል አለመታየቱ ሥቃይ አለመኖሩን አያመለክትም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካላዊና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ተቋሞች የተከለከሉትን ጭካኔ የገዛ ቤት ሊፈቅደው አይገባም።

ካፕሳይሲን የሚነካው ሌላው አጥር የአንጀት የውስጥ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በአንድ ረድፍ በተደረደሩ ሕዋሳት የተሠራ ሲሆን፣ የበላነውን ምግብ ከደማችን የሚለየው እርሱ ነው። ሕዋሳቱ እንደ ሸንበቆ አጥር ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እንደ ማሰሪያ ልጥ በሚያገለግሉ ፕሮቲኖች ተጠፍሮ ይዘጋል። በዚህም የተነሣ የተፈጨ ምግብ በሕዋሳቱ በኩል ተመርጦ ሲያልፍ፣ ባክቴሪያና ያልተፈጩ ትልልቅ ሞለኪውሎች ከውጭ ይቀራሉ። አጥሩ መጥበቁ የሚለካው ለኤሌክትሪክ በሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ማሰሪያው ሲጠብቅ ተቃውሞው ከፍ ይላል፤ ሲላላ ይወርዳል።

በኦስትሪያ በቪየና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሰው አንጀት የተገኙ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አሳድገው ልዩ ልዩ ቅመሞችን ሞከሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ የሚያቃጥል በርበሬና ፓፕሪካ ሲጨመርባቸው የአጥሩ ተቃውሞ ወረደ፤ ዴክስትራን የተባለው የስኳር ሰንሰለትም፣ እጅግ ትልልቅ የሆነው ሲቀር፣ በሕዋሳቱ መካከል አለፈ። ቁንዶ በርበሬ ግን በአንጻሩ ተቃውሞውን ከፍ አደረገው። ቁንዶ በርበሬና በርበሬ በአማርኛ አንድ ስም ቢጋሩም በዘር የማይገናኙ፣ በሥራም የሚለያዩ ተክሎች ናቸው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በጃፓን በትሱኩባ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት አብራርቷል። ካፕሳይሲን ሲደርስ በመጀመሪያ ካልሲየም ወደ አንጀት ሕዋሱ ይገባል። ካልሲየሙ ኮፊሊን የተባለውን ፕሮቲን ለሥራ ያነሣሣል። ኮፊሊን ደግሞ የሕዋሱን ቅርጽ የሚይዙትን አክቲን የተባሉ ክሮች አሰላለፍ ይለውጣል። ክሮቹ ሲላሉ ከእነርሱ ጋር የተያያዘው ማሰሪያም ይላላል፤ ኦክሉዲን የተባለው የማሰሪያው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የታየው ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ አጥሩ ተመልሶ ጠበቀ። ካፕሳይሲን አጥሩን አላፈረሰውም፤ ለጊዜው ከፍቶ ተወው እንጂ። ከዚህ በመነሣት በአንጀት በኩል በቀላሉ የማያልፉ መድኀኒቶችን በዚህ መንገድ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ ይመረመራል። በዚያው መጠን ደግሞ መግባት የማይገባው ነገር በተከፈተው አጥር እንዳያልፍ ጥንቃቄ ያሻል።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የታየውን ሁሉ በማእድ ላይ እንደ ተፈጸመ አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም። በብርጭቆ ሳሕን ላይ ያሉ ሕዋሳት ንጥረ ነገሩን ያለ ከልካይ ይቀበላሉ። የሰው አንጀት ግን በሚያዳልጥ ንፍጥ የተሸፈነ ነው፤ በርበሬውም ከእንጀራ፣ ከዘይትና ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይደርሰዋል። የአንጀት ሽፋን ሕዋሳትም ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ወደ ደም የገባውንም ካፕሳይሲን ጉበት ፈጥኖ ይለውጠዋል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ መታረም ያለበት ስለ ጨጓራ ቁስል የሚነገረው ነው። ብዙ ሰው ለጨጓራ ቁስል ተጠያቂው በርበሬ ነው ብሎ ያምናል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አገኙ፤ ለቁስሉ ዋና ምክንያት መሆኑንም በማስረዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። እንደ አስፒሪን ያሉ የሥቃይ ማስታገሻዎችን ማዘውተርም ሌላው ምክንያት ነው። በርበሬ አስቀድሞ የታመመውን ጨጓራ ሥቃይ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስለዚህ የሚያመው ሰው ቢቀንሰው መልካም ነው። ነገር ግን በርበሬ በመተው ብቻ ባክቴሪያው አይጠፋም። አልጫ እየበላ ለዓመታት በቤቱ የሚሠቃይ ሰው፣ በምርመራ ተለይቶ በመድኀኒት ሊድን የሚችለውን በሽታ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። የሚገባው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው።

ባጭሩ በርበሬ የሚያነድ እሳት ሳይሆን የሚከፍት ቁልፍ ነው። የነርቭን በር ይከፍታል፤ በነርቩ አማካይነት የደም ሥርን ግድግዳ ያሳሳል፤ በቤተ ሙከራ እንደታየውም የአንጀትን አጥር ለጊዜው ያላላል። ቁልፍ በራሱ መልካም ወይም ክፉ ሊባል አይችልም፤ የሚለየው የያዘው እጅ፣ የሚከፍተው በርና መጠኑ ነው። በወጥ ውስጥ በልክ ሲገባ ጣዕም ይሆናል። በሐኪም እጅ ሲገባ ሥቃይን ያስታግሣል። በቍጡ ሰው እጅ ጢስ ሆኖ በልጅ ፊት ሲቀርብ ግን ጭካኔ ይሆናል። በመሆኑም በርበሬን ያለ በደሉ ከመክሰስም ሆነ ያለ ልክ ከመጠቀም ተቆጥቦ፣ ጠባዩን ዐውቆ በሥራ ላይ ማዋል ይገባል።